ጠመንጃው ቆንጆ ነበር፣ ለኔ አካል ግን አልተሰራም

እሺ ይሄን ነገር ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ፣ "ለውድድር ምን ዓይነት ጠመንጃ ልግዛ" የሚለኝ ሰው በዛና ለየብቻ መመለስ ሰለቸኝ፣ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ስለ አደን አይደለም ማወራው፣ ስለ ዒላማ ተኩስ ውድድር ነው፣ እሱም በዋናነት ስለ 10 ሜትር የአየር ጠመንጃ፣ ማለትም በባሩድ ሳይሆን በአየር ግፊት ስለሚተኩሰው፣ ዒላማው 10 ሜትር ላይ ስለሚቆምለት። እዛ ላይ ሁለት ጠመንጃ ገዝቻለሁ፣ የመጀመሪያውን ስገዛ ተሞኘሁ፣ ሁለተኛውን ስገዛ ተሳካልኝ፣ የሚገርመው ግን የተሞኘሁበት ነው በጣም ውዱና በጣም ዘመናዊው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንነጋገር። በፓሪስ ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. 2024 ያን ቱርካዊ ዩሱፍ ዲኬችን ያየ ሰው ሁሉ፣ እጁን ኪሱ ከቶ በተራ መነጽር ብር ሜዳልያ ወሰደ አይደል፣ እና "እናንተ ምን ይሄን ሁሉ ኮተት ትሸከማላችሁ" ይለኛል። ወንድሜ፣ ሰውዬው የተኮሰው በሽጉጥ ነው! ሽጉጥ በአንድ እጅ ነው የሚያዘው፣ ጃኬት ምናምን የለውም። ጠመንጃ ሌላ ዓለም ነው፣ ጠመንጃው ከትከሻህ፣ ከጉንጭህ፣ ከግራ እጅህ፣ ከዳሌህ አጥንት ሳይቀር ጋር አንድ አካል ሆኖ ነው የሚቆመው፣ ስለዚ ምርጫውም የጫማ ምርጫ ነው እንጂ የስልክ ምርጫ አይደለም። የስልክ ስፔክ አወዳድሮ መግዛት ይቻላል፣ ጫማ ግን ካላጠለቅከው አታውቀውም።

የጨዋታውን ልክ ለማያውቅ ላስረዳ። በ10 ሜትር የምትተኮሰው ፔሌት፣ ትንሽዬ የአየር ጠመንጃ ጥይት ማለት ነው፣ 4.5 ሚሊሜትር ናት። ዒላማው ዳር እስከ ዳር 45.5 ሚሊሜትር ነው፣ መሃል ላይ ያለችው 10 ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር የሆነች ነጥብ ናት፣ የስክሪብቶ ጫፍ ወረቀት ላይ ስታሳርፉ የምትቀረውን ነጥብ አስቡ። 60 ጥይት በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። ውጤቱ በአስርዮሽ ስለሚቆጠር አንዷ ጥይት ቢበዛ 10.9 ናት፣ ሁሉንም ፍጹም የመታ ሰው 654 ያመጣል ማለት ነው። ይሄን ቁጥር የሚሰማ ጀማሪ ወዲያው የሚያስበው "እንግዲያው በጣም ትክክለኛ አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ ነው የሚያስፈልገኝ" ብሎ ነው። እኔም እንደዛ ነበር ያሰብኩት። ስህተቱ እዚህ ጋ ይጀምራል።

ለውድድር ተብሎ የተሰራ ጠመንጃ፣ የትኛውም ፋብሪካ ይስራው፣ ፋይንቨርክባው ይሁን ቫልተር፣ አንሹትዝ ይሁን ስታየር፣ አዲስ ይሁን 30 ዓመት የሆነው፣ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ በማሰሪያ አስራችሁ ብትተኩሱበት ፔሌቶቹን ባንድ ቀዳዳ ነው የሚያስገባቸው። ፋብሪካዎቹ አብረው የሚልኩትን የሙከራ ካርድ አይታችሁ ከሆነ አምስት ጥይት ተተኩሶ ቀዳዳው ከአንድ ፔሌት ትንሽ ብቻ ነው የሚሰፋው። ስለዚ አፈሙዙ ከናንተ በጣም ይበልጣል፣ ገና ብዙ ዓመት ይበልጣል። እናንተ 8 ስትመቱ ጠመንጃው 8 አልመታም፣ እናንተ ናችሁ። እና ገንዘባችሁን መክፈል ያለባችሁ ጠመንጃው እናንተን እንዳያስቸግራችሁ ለሚያደርገው ነገር ነው፣ እሱ ደግሞ ሰደፉና ምላጩ ነው።

የመጀመሪያዬ እንዲህ ነበር። ሰደፉ አልሙኒየም፣ ሰማያዊ፣ የትም ቦታ ብሎን ያለው፣ ከሆነ ሰው ላይ በሴኮንድ ሃንድ ነው የገዛሁት፣ ሰውዬው "እንደ አዲስ ነው፣ ብዙም አልተተኮሰበትም" አለኝ፣ እኔም ዓይኔ እዛ ሰማያዊ ነገር ላይ ቀርቶ ሌላ ምንም አልጠየቅኩም። አንዴ እንኳን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በወጉ አልያዝኩትም ብላችሁ ታምናላችሁ? ራስ ሳይጠና ጉተና እንደሚባለው ነው የሆንኩት፣ ቆሜ መተኮስ በቅጡ ሳልችል የኦሊምፒክ ተኳሽ የሚይዘውን ይዤ ተገኘሁ።

ቤት ወስጄ ስይዘው የቀኝ እጅ መያዣው ለትልቅ እጅ የተሰራ ነው። እነዚህ መያዣዎች ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ተብለው ነው የሚመጡት፣ ይሄን እንኳን አላውቅም ነበር። ጣቴ ምላጩ ላይ የሚደርሰው በጫፉ ብቻ፣ ያውም ወደ ጎን እየገፋሁት። ምላጭ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ነው መሳብ ያለበት፣ ወደ ጎን ከተገፋ አፈሙዙም ይሄዳል። ከዛ ደግሞ ርዝመቱ፣ ማለትም ከምላጩ እስከ ትከሻ መደገፊያው ያለው፣ እስከ መጨረሻ አሳጥሬው እንኳን ለክንዴ ረጅም ነው፣ ስለዚ ጭንቅላቴን ወደፊት እየሰበቅኩ ነበር ማነጣጥረው፣ ከ20 ጥይት በኋላ አንገቴ ድንጋይ ይሆናል። ሁሉም ነገር ይስተካከላል የተባለው ጠመንጃ ይስተካከላል፣ አዎ፣ ግን የሚስተካከለው በሆነ ወሰን ውስጥ ነው፣ የኔ አካል ደግሞ ከወሰኑ ውጪ ነበር።

ስምንት ወር ሙሉ ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ታገልኩ። አሰልጣኛችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ ብዙ አያወሩም፣ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና "ዓይንህን ጨፍን" አሉኝ። ጨፈንኩ። "አሁን አንሳውና ተመቻች። ትንፋሽህን ሁለት ሶስቴ አስገባ አውጣ። ምንም ነገር አትያዝ፣ አጥንትህ ላይ ይረፍ።" አደረግኩ። "ክፈት።" ስከፍት በማነጣጠሪያው ውስጥ የማየው ዒላማውን አይደለም፣ ከዒላማው በላይ ያለውን ባዶ ግድግዳ ነው። "አየህ፣ ሰውነትህ የሚተኩሰው ግድግዳውን ነው። አንተ በጡንቻህ እየጎተትክ ነው ወደ ዒላማው የምታወርደው። ጡንቻ ደግሞ ይደክማል" አሉኝና ሄዱ። በቃ ይሄው ነው። አንድ አረፍተ ነገር ለስምንት ወር።

ይሄ ሙከራ ነው እንግዲህ ጠመንጃ ስትመርጡ መጀመሪያ ማድረግ ያለባችሁ፣ የትኛውንም ስፔክ ከማንበባችሁ በፊት። ዓይን ጨፍኖ ማንሳት፣ ተመቻችቶ መክፈት። ዒላማው ወደ ጎን ከሸሸባችሁ ችግር የለውም፣ እግራችሁን ትንሽ ታዞራላችሁ። ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ከሆነ ግን የትከሻ መደገፊያውን ወይ የግራ እጅ ማሳረፊያውን ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው፣ ተደርጎም እምቢ ካለ ጠመንጃው የናንተ አይደለም፣ ተዉት። ጉንጫችሁ ደግሞ ማሳረፊያው ላይ በራሱ ክብደት ወድቆ ዓይናችሁ የማነጣጠሪያው ቀዳዳ መሃል ላይ መገኘት አለበት። አንገታችሁን ወደ ታች ከጫናችሁ ወይ ካነሳችሁ ማሳረፊያው አልተስተካከለም።

ሁለተኛው ሞኝነቴ ሲሊንደሩ ነው፣ እዚህ ጋ ጆሯችሁን ስጡኝ ምክንያቱም ይሄኛው ከደህንነትም ጋር ይያያዛል። የአሁኖቹ የውድድር ጠመንጃዎች ከአፈሙዙ ስር ባለች ሲሊንደር ውስጥ እስከ 200 ባር ግፊት በታመቀ አየር ነው የሚሰሩት። እሷ ሲሊንደር ላይ ቀን ተጽፎባታል። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ከተሰራችበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ነው የሚሰጧት፣ ከዛ በኋላ መቀየር ነው። እኔ ይሄን የሰማሁት አየር ላስሞላ ስሄድ ነው፣ ሞይው ገልበጥ አድርጎ አየና "ይቺ እኮ ጊዜዋ ካለፈ ቆይቷል፣ እኔ አልነካትም" ብሎ መለሰልኝ። ያፈርኩት ማፈር! የሸጠልኝ ሰውዬ ጋ ስደውል "እሱን እኔ አላየሁትም" አለኝ፣ እኔም እኮ አላየሁትም፣ ማንን ልክሰስ። አዲስ ሲሊንደር መግዛት ግድ ሆነ፣ ረክሶልኛል ያልኩት ጠመንጃ ባንዴ ተወደደ።

እግረ መንገዴን፣ ስትሞሉ ቀስ ብላችሁ ሙሉ፣ ባንዴ ሲለቀቅ ሲሊንደሩ ይግላል። ማያያዣው ላይ ደግሞ ዘይት ወይ ግሪስ እንዳትቀቡ፣ ቅባትና ከፍተኛ ግፊት አብረው አይሄዱም፣ ሊቀጣጠል ይችላል፣ ቀልድ አይደለም። አሮጌ ስትገዙም ሞልታችሁ ማታ የግፊት መለኪያው ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉና ጠዋት እዩት፣ ከወረደ የሆነ ማሸጊያ ጎማ ያፈሳል ማለት ነው።

ምላጩስ? ስለ ምላጭ ብዙ ማለት ይቻላል ግን ለጀማሪ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የውድድር ምላጭ ሁለት ደረጃ አለው፣ መጀመሪያ ለስለስ ብሎ ይመጣና የሆነ ቦታ ላይ ቆም ይላል፣ ግድግዳ እንደመንካት ነው፣ ከዛ ትንሽ ስትጨምሩበት ይለቃል። አዲስ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ምንድነው፣ በጣም አቅልሎ ማስተካከል፣ ትንፋሽ ሲነካው እንዲተኩስ። እንደዛ አታድርጉ ባካችሁ። ማት ኤመንስን የምታውቁት ታስታውሱታላችሁ፣ አሜሪካዊው፣ እ.ኤ.አ. 2008 ቤጂንግ ላይ በ50 ሜትር ሶስት አቋቋም (ተንበርክኮ፣ ተኝቶ፣ ቆሞ በሚተኮሰው) ፍጻሜ ሲመራ ቆይቶ የመጨረሻዋ ጥይት ላይ ገና ወደ ዒላማው እየወረደ ሳለ ጣቱ ምላጩን ነካውና 4.4 አመጣ፣ ወርቁ ለቻይናዊው ቺዩ ጂያን ሄደ። የዓለም ምርጥ ተኳሽ እንደዛ ከሆነ እኔና እናንተ ምን ልንሆን ነው። ግድግዳው በደንብ እንዲሰማችሁ አድርጉት፣ ጣታችሁ ሲቀዘቅዝና ልባችሁ ሲመታ ጭምር።

የኤመንስ ነገር ከተነሳ አንድ የሚከራከረኝ ሰው አለ። "እ.ኤ.አ. 2004 አቴንስ ላይ በተዋሰው ጠመንጃ ወርቅ ወሰደ እኮ፣ ታዲያ ምን ለአካል መግጠም መግጠም ትላለህ" ይለኛል። እውነት ነው፣ የራሱን ጠመንጃ ሰው አበላሽቶበት የቀድሞ የቡድን ጓደኛው ባዋሰችው ነው ተኝቶ በሚተኮሰው ያሸነፈው። ግን ልጄ፣ እሱ የሌላውን ሰው ጠመንጃ አንስቶ ለራሱ አካል እንዴት እንደሚያስተካክለው ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው፣ እኔ የራሴንም አላወቅኩትም ነበር።

እና ሁለተኛው ጠመንጃዬ። ፋይንቨርክባው 300 ኤስ። የእንጨት ሰደፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በየውድድሩ የነገሰ አሮጌ ሰውዬ ነው። አየር የሚሞላ የለ፣ ሲሊንደር የለ፣ ቀን የሚያልፍበት ነገር የለ፣ ጎኑ ላይ ያለውን ማንሻ ወደ ኋላ ትስባላችሁ ስፕሪንጉ ይወጠራል፣ ፔሌቷን በጣታችሁ ታስገባላችሁ፣ ማንሻውን ትመልሳላችሁ፣ አለቀ። ስፕሪንግ ሲባል የሚራገጥ መስሏችሁ ከሆነ አይራገጥም፣ የፈጠሩት ዘዴ ደስ ይላል፣ ስትተኩሱ አፈሙዙና ሞተሩ (የሚተኩሰው ክፍል) በሙሉ ሰደፉ ውስጥ ባለ ሃዲድ ላይ ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት ርግጫውን እዛው ይበላዋል፣ ትከሻችሁ ላይ ምንም አይደርስም። መጀመሪያ ጊዜ ስትተኩሱ ማነጣጠሪያው ወደ ዓይናችሁ ሲመጣ ትደነግጣላችሁ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ትረሱታላችሁ።

እንከን የለውም አልልም። ከባድ ነው፣ ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ 5.5 ኪሎ ነው፣ ይሄኛው ከዛ ብዙም ስለማይርቅ ለታዳጊ ልጅ አልመክርም፣ ለልጅ ቀለል ያለ የልጆች ሰደፍ ያለው ይሻላል፣ ወገቡን ወደ ኋላ አጣሞ በከባድ ጠመንጃ ከሚያድግ። ማስተካከያውም ጥቂት ነው፣ የትከሻ መደገፊያው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከዛ ውጪ እንጨቱ እንደተቀረጸ ነው። ማሸጊያዎቹም ያረጃሉ፣ የሚያድስ ሰው ማግኘት ያስፈልጋል። እና 60 ጊዜ ማንሻ መሳብ በእያንዳንዱ ጥይት መሃል አቋቋማችሁን ያፈርስባችኋል፣ የታመቀ አየር የያዘ ተወዳዳሪ እናንተ ስትስቡ እሱ ፔሌት ብቻ አስገብቶ ይጠብቃል። ወደ ላይኛው ውድድር ስትሄዱ ይሄ ልዩነት ያመጣል። ለመጀመሪያ ሁለት ሶስት ዓመት ግን? በፍጹም። እኔ ከሰማያዊው ወደ እንጨቱ በተዛወርኩ በወሩ ውጤቴ ወጣ፣ የወጣው ጠመንጃው ስለተሻለ አይደለም፣ ክንዴ ስለደረሰና አንገቴ ስላረፈ ነው።

አሮጌውን አልፈልግም የታመቀ አየር ነው የምፈልገው ለምትሉ ደግሞ ፋይንቨርክባው 500 ዓይነት ለክለብ ተብሎ የተሰራ ቀለል ያለ ነገር አለ፣ ከላይኛዎቹ ከቫልተር ኤልጂ 400 ወይ ከፋይንቨርክባው 800 ጋር ሲወዳደር ጌጡ ይቀንሳል እንጂ ለ10 ሜትር የሚያንሰው ነገር የለም። ግራኝ ከሆናችሁ ለግራ የተሰራ ፈልጉ፣ የቀኙን "እለምደዋለሁ" አትበሉ። የትኛው ዓይናችሁ እንደሚበልጥም ቀድማችሁ እወቁ፣ ቀኝ እጅ ሆኖ ግራ ዓይኑ የሚበልጥ ሰው ብዙ ነው።

ማነጣጠሪያ ላይ ዲዮፕተር ነው የሚሉት፣ ከኋላ ትንሽዬ ቀዳዳ፣ ከፊት ቀለበት፣ ቴሌስኮፕ አይፈቀድም። እዚህ ጋ ሁሉም ሰው የሚሳሳታት አንዲት ነገር አለች፣ የፊት ቀለበቱን በጣም ጠባብ መምረጥ። የዒላማውን ጥቁር ክብ ጥብቅ አድርጎ ሲይዘው ትክክል የሆናችሁ ይመስላችኋል፣ ግን ትንሽ ስትነቃነቁ ጥቁሩ ከቀለበቱ ጋር ይጋጭና ትደናገጣላችሁ፣ መተኮስ ያቅታችኋል፣ ስትቆዩ ስትቆዩ ዓይናችሁ ይፈዛል። ሰፋ አድርጉት፣ በጥቁሩና በቀለበቱ መሃል ደህና ነጭ ይታይ። ቀለበት መቀየር እኮ ምንም አያስወጣም፣ እኔ ቀለበት ቀይሬ ያገኘሁትን ነጥብ በሰማያዊው ጠመንጃ ሁሉ ገንዘብ አላገኘሁትም።

ስለ ፔሌት፣ ፊቷ ጠፍጣፋ የሆነችውን ነው፣ ወረቀቱን አጥርታ ትበሳለች፣ ክብደቷ 0.53 ግራም አካባቢ የሆነችውን። የጭንቅላቷ ስፋት 4.49፣ 4.50፣ 4.51 እየተባለ ይመጣል፣ ሁለት ሶስት ዓይነት ገዝታችሁ ጠመንጃውን አስራችሁ ሞክሩ፣ አንዱን ይወድላችኋል፣ እሱን ያዙ፣ ከዛ በላይ አትጨነቁ። ፔሌቷ በሰከንድ 170 ሜትር አካባቢ ነው የምትሄደው፣ ለጥይት ቀርፋፋ ናት፣ ስለዚ ከተኮሳችሁ በኋላ ቀና ለማለት አትቸኩሉ፣ ገና አፈሙዙ ውስጥ ናት።

ከዚህ የተረፋችሁን ገንዘብ ጃኬት ላይ አድርጉት። የምሬን ነው። ደረቅ የተኩስ ጃኬት፣ በሕጉ ጨርቁ ከ2.5 ሚሊሜትር መወፈር የለበትም፣ ግን በልካችሁ ከተሰፋ ወገባችሁን ይዞ ያቆማችኋል። ጀርባዬ መታመም ያቆመው ጃኬት ስገዛ ነው። ብዙ ሰው ግን ጠመንጃው ላይ ሁሉንም ይጨርስና የሰው ጃኬት ተውሶ እጅጌው እየረዘመበት ይቆማል።

50 ሜትርን ለሚጠይቁኝ ባጭሩ፣ እሱ .22 ካሊበር ነው፣ 5.6 ሚሊሜትር፣ በሶስት አቋቋም ተንበርክኮ፣ ተኝቶ፣ ቆሞ ይተኮሳል፣ ክብደቱ እስከ 8 ኪሎ። አስሯ 10.4 ሚሊሜትር ስለሆነች ቀላል ትመስላለች፣ ንፋስ አለ ግን። እዛ ላይ የአንሹትዝ 54 ሞተር ያለበትን ብታገኙ፣ ስሙ እ.ኤ.አ. ከ1954 ነው የመጣው፣ ዛሬም ድረስ ሰው ይዞት ይወዳደራል። ግን እዛ ራስ ምታቱ ጠመንጃው አይደለም፣ ጥይቱ ነው፣ ያው ብራንድ ሆኖ በአንድ ወቅት የተመረተውና በሌላ ወቅት የተመረተው ለየብቻ ነው የሚመታው፣ ሰዎች ጠመንጃቸውን ተሸክመው ፋብሪካው መሞከሪያ ድረስ እየሄዱ ነው የሚመርጡት። መጀመሪያ 10 ሜትሩን ቻሉ፣ ፈቃዱም የባሩድ መሳሪያ ላይ ስለሚጠብቅ የምትኖሩበትን ሕግ አጣሩ።

ሰማያዊውን ሸጥኩት። ሲሊንደሩን ቀይሬ፣ ቀኑን አሳይቼ፣ ይሄን ይሄን ችግር አለው ብዬ። የገዛው ክለባችን ውስጥ ያለ ልጅ ነው፣ ከኔ በአንድ ራስ ይረዝማል፣ እጁ አካፋ ነው። ከመክፈሉ በፊት "ዓይንህን ጨፍን" አልኩት፣ እየሳቀ ጨፈነ፣ አነሳ፣ ተነፈሰ፣ ከፈተ። ቀለበቱ ጥቁሩ ላይ ነበር። አንድ ብሎን አልነካም።